የስለሺ እግሮች

ስለሺ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ወደ አሰብ ከተመለሰ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ቀኝ እግሩ ከአንሶላው ሥር ብድግ ብሎ ተመልሶ ወደቀ።

«ዘኑ! ዘነበች! ነይ! ቶሎ ነይ!»

ዘነበች ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥብ ነበር። ባሏ አደጋው ከደረሰበት ወዲህ እንዲህ ባለ ድምፅ ጠርቷት አያውቅም። ከአልጋ የወደቀ መስሏት፣ እጇ ላይ ያለውን የሳሙና አረፋ እንኳ ሳታራግፍ ወደ በረንዳው ሮጠች። ስለሺ ጠፍር አልጋው ላይ በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሏል። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። በዚያ ሙቀት ላብ የሌለበት ሰው ባይኖርም፣ የዓይኖቹ ብርሃን ግን ሌላ ነበር።

«ተንቀሳቀሰ» አላት። «እግሬ ተንቀሳቀሰ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።»

«የትኛው?»

«የቀኙ። አንሶላውን ልጎትት ስል ብድግ አለ። ቆይ፣ ቆይ፣ እዪው።»

አንሶላውን ገፈፈና ጥርሱን ነክሶ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ድረስ አማጠ። እግሩ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሞከረ። ምንም የለም። ዘነበች ላጽናናው ብላ እርጥብ እጇን ውስጥ እግሩ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛው እጇ እንደነካው ጉልበቱ እጥፍ አለ፤ አውራ ጣቱም ወደ ላይ ቀና አለ።

«አየሽ! አየሽ አይደል? ዳንኩ! ዳንኩ እኮ ነው የምልሽ!»

ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ዘነበችም አንገቱን አቅፋ አብራው አለቀሰች። እሱ የደስታ እንባ መሰለው።

ዘነበች በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ተወልዳ ያደገችው ደሴ ሲሆን ኮሌጅ ጨርሳ ምደባ ሲወጣ አሰብ ደረሳት። ዘመዶቿ የአሰብን ሙቀት በዝና ሰምተው ስለነበር እንደሞተች ሁሉ አለቀሱላት። እሷም የመጀመሪያውን ዓመት ዝውውር ስትለምን ነው የከረመችው። በሁለተኛው ዓመት ግን ተማሪዎቿ ጎትተው ኳስ ሜዳ ወሰዷትና ስለሺን አየች። የወደቡ ቡድን አጥቂ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ኳስ ከእግሩ ሥር ሲገባ ሜዳው ሁሉ ብድግ የሚልለት የጉለሌ ልጅ። በዓመቱ ተጋቡ። ስለ ዝውውር ከዚያ በኋላ አላነሳችም።

ስለሺ ወደቡ ላይ የጫኝና አውራጅ ወዛደሮች ካቦ፣ የቡድናቸው አለቃ፣ ነበር። በዚያ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ወሎና ትግራይ በረሃብ እያለቁ ነበርና፣ የእርዳታ እህል የጫኑ መርከቦች ከአሰብ ፊት ለፊት ተራ ይዘው ቆመው ነበር። ወዛደሩ ቀን ከሌት ይሠራል። ስለሺ ማታ ቤት ሲገባ ፀጉሩና ቅንድቡ በዱቄት ነጭ ሆኖ፣ «ዛሬ ያወረድነው ሁሉ ላገርሽ ልጆች ነው» ይላት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት፣ ጭነቱ ወደተከማቸበት የመርከቡ ሆድ በብረት መሰላል ሲወርድ፣ ዱቄትና ላብ ያሙለጨለጨው ደረጃ ከዳው። ከታች ከነበረው የብረት አግዳሚ ጋር ጀርባው ተላተመ።

ያወጣው ሐንፈሬ ነው። ሐንፈሬ ከአሰብ በስተሰሜን ባሕሩ ዳር ካለችው ከጥዖ የመጣ አፋር፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሆኖ ሳለ ባሕሩን ትቶ ወደብ የገባ፣ የስለሺ የሥራ ጓደኛና አጥር የሚጋራ ጎረቤቱ ነው። ስለሺ ደም ሳይፈሰው ተዘርግቶ፣ «እግሬን አጣሁት» ሲል በሰማ ጊዜ፣ ቃሬዛ እስኪመጣ ልጠብቅ አላለም። እንደ ጆንያ ትከሻው ላይ አነሳውና ያንን ረጅም መሰላል ብቻውን ይዞት ወጣ። ወዛደሩ ሁሉ እስከ ዛሬ በአድናቆት ያወራዋል።

ስለሺ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ዘነበችም ተከትላ ሄደች። ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ሐኪም ከክፍሉ ውጭ ጠሯት።

«የባዮሎጂ አስተማሪ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ላንቺ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሕብለ ሰረሰሩ ተቆርጧል። ከደረቱ በታች፣ ከወገቡ ከፍ ብሎ።»

ዘነበች በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ተሸሽጎ የሚወርደውን ያንን ነጭ ገመድ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ትስለዋለች። ከአንጎል የሚመጣ ትእዛዝ ሁሉ በእሱ በኩል ይወርዳል፤ ከእግር የሚነሳ ስሜት ሁሉ በእሱ በኩል ይወጣል። ቆዳ ሲቆረጥ ይድናል፤ አጥንትም ሲሰበር ይገጥማል። እሱ ግን አንዴ ከተቆረጠ አይቀጠልም። ይህንን እየሣቀች ያስተማረችበት ጊዜ ነበር።

«እንዴት ነው ያነሱት? በቃሬዛ?» አሉ ሐኪሙ።

«ጓደኛው ተሸክሞት ወጣ። በትከሻው።»

ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዳንዴ አጥንቱ ይሰበርና ውስጡ ያለው ሳይጎዳ ይቆያል። የሚቆርጠው ሰውየውን ሲያነሱት፣ ሲያጣጥፉት ነው። የባልሽ በየትኛው ጊዜ እንደተቆረጠ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን እግሩ እንደ በድን ነው። ጥቂት ቆይቶ መንቀጥቀጥ፣ መዝለል ይጀምራል። እንዳትታለሉ። በየጊዜው እያገላበጣችሁ አስተኙት፣ አለበለዚያ ይቆስላል። የቀረውን ደግሞ አንቺ ቀስ ብለሽ ንገሪው።»

ቀስ ብላ ልትነግረው ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሰው በዛ። አውሮፕላን ውስጥ እጇን ይዞ እንቅልፍ ወሰደው። አሰብ ሲደርሱ ጠያቂው አላስቀምጥ አላቸው። ዛሬ ነገ ስትል ያ ቅዳሜ መጣ።

ወሬው ቀትር ሳይሆን ሰፈራቸውን፣ ካምፖ ሱዳንን፣ አዳረሰ። የሐንፈሬ ሚስት ሐኪማ ከአጥሩ ማዶ እልልታዋን አቀለጠችው። ሐንፈሬ ከፈረቃው ወጥቶ ቤቱ እንኳ ሳይገባ አንድ ፍየል እየጎተተ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ! አላልኩህም? አንተ ካቦ፣ ይህ ወገብ እኮ የብረት ነው አላልኩህም?»

ፍየሉ ታረደ። የወደቡ ልጆች ከነሥራ ልብሳቸው ግቢውን ሞሉት። በየተራ ወደ አልጋው እየቀረቡ የስለሺን ውስጥ እግር በቁልፍ ጫፍ ይጭሩታል። እግሩ በዘለለ ቁጥር ግብ የገባ ይመስል ግቢው በጩኸት ይደበላለቃል። ስለሺ ይስቃል። ዘነበች ሻሂ ትቀዳለች። ብርጭቆ ታቀርባለች፣ ብርጭቆ ታነሳለች።

«አንቺ፣ ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት ሐኪማ ወጥ ቤት ተከትላት ገብታ።

«ደክሞኝ ነው።»

«አይዞሽ እህቴ። ድካምሽ አለቀ እኮ፣ ኢንሻአላህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለሺ ሌላ ሰው ሆነ። የሠራተኛ ማኅበሩ ባለ ጎማ ወንበር ልኮለት ነበር፤ «ለሚያስፈልገው ስጡት፣ እኔ ልነሳ ነው» ብሎ አሳጥፎ ጓዳ አስገባው። ሐንፈሬ በየማለዳው ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት እየመጣ እግሮቹን ያጥፍለታል፣ ይዘረጋለታል። ሁለቱም ያልባቸዋል። «ግፋ! ግፋ ካቦ!» ይላል ሐንፈሬ። ስለሺ በሙሉ ኃይሉ ይገፋል፤ የሚገፋው ግን የደረቱና የክንዱ ጡንቻ ብቻ ነው። እግሩ የሚዘለው እሱ ሲደክመውና ዝም ሲል፣ ወይ ነፋስ አንሶላውን ሲያነሳበት ነበር።

ዘነበች ይህን ሁሉ ታያለች። ጭኖቹ ከሳምንት ሳምንት ሲከሱ፣ ያ የኳስ ተጫዋች ባት እንደ ልጅ ክንድ ሲሆን ታያለች። አገላብጣ በጎኑ ልታስተኛው ስትሞክር ግን እሺ አይላትም። በጀርባው ተንጋሎ፣ ራሱን በትራስ ቀና አድርጎ፣ ቀኑን ሙሉ እግሮቹን ሲጠብቅ ይውላል። በጎኑ ከተኛ አያያቸውማ።

አንድ ቀን ስታጥበው ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ የጅራት አጥንቱ አካባቢ፣ ቆዳው ቀልቶ አየች።

«ስለሺ፣ እዚህ ጋ እየቆሰልህ ነው። ዛሬስ በጎንህ ተኛ።»

«አላመመኝም።»

«ባያምህም።»

«ካላመመኝ ምን ቁስል ነው? ተይ እስቲ ዘኑ።» ፈገግ አለ። «ለመስከረም ኳስ ሜዳ እወስድሻለሁ።»

ያን ጊዜ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ፈገግታው ግን ከለከላት። ቁስሉን አጠበችው፣ ቅባት ቀባችው፤ በማግስቱ ሰፍቶ አገኘችው።

በትምህርት ቤት ደግሞ መጽሐፉ የነርቭን ምዕራፍ ደረሰ። ርእሰ መምህሩ፣ «ከከበደሽ ሌላ ሰው ያስተምርልሽ» ብለዋት ነበር። «ግዴለም» አለች። ይህን ምዕራፍ ስታስተምር ልማድ አላት። አንድ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና እግሩን አንጠልጥሎ እንዲተወው ታደርጋለች። ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ያለውን ጅማት በእጇ ጠርዝ መታ ስታደርገው እግሩ ሳያስበው ይፈናጠራል፤ ክፍሉም በሣቅ ያውካካል። የላይኛው ክፍል ተማሪዎች ስለነገሯቸው እነዚህም ያንን ይጠብቁ ነበር። አደረገችው። ሳቁ።

«ማን አዘዘው?» ብላ ጠየቀች፣ እንደ ወትሮዋ።

«አንጎል!»

«አይደለም። ጅማቱ ሲመታ ጡንቻው ይሳባል። ያ መሳብ በነርቭ አድርጎ ወደ ጀርባ ይሄድና ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ይገባል። እዚያው ሌላ ነርቭ ይቀበለውና ወደ ጭን ጡንቻ ይመልሰዋል። ጡንቻው ይኮማተራል፣ እግር ይዘላል። በቃ። አንጎል የሚሰማው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይህንን ሪፍሌክስ እንለዋለን። የጋለ ምጣድ ስትነኩ እጃችሁን ሳታስቡ የምታነሱት ለዚህ ነው።»

ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችው ሃኒያ እጇን አወጣች። የሐንፈሬና የሐኪማ ልጅ ናት። ቀልጣፋ፣ ሐኪም እሆናለሁ የምትል ልጅ።

«ቲቸር፣ ወሬው ወደ አንጎል የሚወጣበት መንገድ ቢቆረጥስ? እግሩ ይዘላል?»

ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ሃኒያ ዞሩ። ከመካከላቸው የስለሺን ታሪክ የማያውቅ አልነበረም። ሃኒያ ራሷ የጠየቀችውን የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ይመስላል፤ እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

ዘነበች ጠመኔውን አስቀመጠች። «አላውቅም» ማለት ትችል ነበር። ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ ማለትም ትችል ነበር። ተማሪ ፊት ቆማ የምታውቀውን አላውቅም ብላ ግን አታውቅም።

«ይዘላል» አለች። «እንዲያውም ከጤነኛው ሰው ይብሳል። ከላይ ሆኖ ተው የሚለው የለማ።»

«ሰውየው ግን... ማዘዝ ይችላል?»

«አይችልም።»

«ቆይቶስ?»

«ቆይቶም አይችልም፣ ሃኒያ።»

ምዕራፉ ሲያልቅ ስለ መጀመሪያ እርዳታ የሚናገር አጭር ክፍል ነበረው። ጀርባው የተጎዳን ሰው ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ መጠበቅ፣ ማንሳት የግድ ከሆነም በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ሳያጥፉ ማስተኛት እንደሚገባ ይላል። በየዓመቱ ታስተምረው ነበር። ያን ዓመት ዘለለችው። ፈተና ላይ አይመጣም አለቻቸው፤ እንዳያነቡት ብላ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሐንፈሬ አጥሩ ጋ መጣ። ሌላ ጊዜ ሰላም አለይኩም ብሎ ዘው ነበር የሚለው። ያን ቀን ከውጭ ቆሞ በእጁ ጠራት።

«ሃኒያ ያለችኝ እውነት ነው?»

ዘነበች ስለሺ እንዳይሰማ ወደ በረንዳው ዞር ብላ አየችና ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከአዲስ አበባ ጀምሮ። ሐኪሙ ነገሩኝ።»

«ፍየሉን ሳርድ ታውቂያለሽ።»

«አዎ።»

«እኔ በየማለዳው ግፋ ግፋ ስለው ታውቂያለሽ። ሰው ሁሉ እግሩን እየጫረ ሲጨፍር ታውቂያለሽ።» ድምፁን ከፍ ማድረግ ፈልጎ ስለሺ እንዳይሰማ ሲል ዋጠው። «በዚህ ትከሻዬ ነው ያወጣሁት እኮ! ለእኔ እንኳ መንገር አቃተሽ?»

ዘነበች ትከሻውን አየች። ሸሚዙ እዚያ ጋ በጆንያ ብዛት ሳስቷል። የሐኪሙ ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ጥርሷን ገጥማ መለሰችው።

«ይቅር በለኝ፣ ሐንፈሬ።»

«እኔን ተይኝ። ለእሱ ንገሪው። አንቺ ካልነገርሽው እኔ ልነግረው ነው፤ እኔ ደግሞ አልችልበትም።» ፊቱን አዙሮ ሄደ።

በማግስቱ፣ ከተማው ሁሉ ሙቀት ሸሽቶ በየጥላው በተጋደመበት ሰዓት፣ ዘነበች ውሃና ጨርቅ ይዛ መጣች። «በጎንህ ሁንልኝ፣ ጀርባህን ልጠብህ» አለችው። አገላበጠችው። ከማጅራቱ ጀምራ በጣቷ የአከርካሪውን አጥንት እየቆጠረች ወረደች።

«እዚህ ይሰማሃል?»

«አዎ።»

«እዚህስ?»

«አዎ። ምነው?»

«እዚህስ?»

«ትንሽ... አዎ።»

ጣቷን ዝቅ አደረገች። «እዚህስ?»

ስለሺ ጠበቀ። የባሕሩ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ይሰማል። «ነካሽኝ?» አላት።

«ነክቼሃለሁ።»

ጣቷ አሁንም እዚያው ነበር። እንባዋ ጀርባው ላይ ጠብ አለ፤ የቆዳው የትኛው ክፍል ላይ እንዳረፈ ግን እሱ አያውቅም ነበር። ከዚያ ነገረችው። ለተማሪዎቿ እንደምትናገረው ቀጥ አድርጋ ነገረችው፤ ሌላ አነጋገር አላወቀችበትም። ገመዱ እዚህ ጋ መቆረጡን፣ ከቁርጡ በታች ያለው ክፍል አለመሞቱን፣ ሲነካ የሚመልሰው እሱ መሆኑን፣ ከላይ የሚላክ ትእዛዝ ግን እንደማይደርሰው።

«ታዲያ እግሬን የሚያንቀሳቅሰው ማነው?» አላት።

«ማንም አይደለም። ራሱ ነው። አንተን ሳይጠይቅ።»

 ፊቱ ወደ ግድግዳው ስለሆነ አላየችውም።

«ያን ቀን አብረሽኝ ስታለቅሺ» አለ በመጨረሻ፣ «ለዚህ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ደስ ብሎሽ መስሎኝ ነበር።»

ዘነበች ጨርቁን ውሃው ውስጥ ነክራ ጀርባውን ማጠብ ቀጠለች።

«በጀርባዬ አስተኚኝ» አላት። ወዲያው ግን ሐሳቡን ቀየረ። «ተይው። እንዲሁ ልሁን። ወደዚህ ልዙርና ልተኛ። እግሬን ማየት አልፈልግም።»

ለብዙ ቀናት አላናገራትም። ሲርበው ለሐኪማ ይነግራል፤ ውሃ ሲጠማው ሐንፈሬን ይጠብቃል። ዘነበች ስታገላብጠው እንደ ዕቃ ይገላበጥላታል። አንድ ሌሊት እንኳ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብሎ ቢጮህባት በወደደች። አልጮኸም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንዳንዴ የሐንፈሬና የእሱ ድምፅ ከበረንዳው ይሰማታል፤ እሷ ስትገባ ዝም ይላሉ።

አንድ ማለዳ ቡና ሳይጠጣ፣ «ያ ወንበር የት ገባ?» አላት።

ከጓዳ አውጥታ አቧራውን ጠረገችለት። ሐንፈሬ አንስቶ አስቀመጠው። ጎረቤቱ እያየ በካምፖ ሱዳን አሸዋማ መንገድ ገፋው፤ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሲሰጥም ወንበሩን ከነሰውየው እያነሳ ወደብ አደረሰው። ወዛደሮቹ ሥራ አቁመው ከበቡት። ሲመለስ ፊቱ ተቃጥሏል፤ «ዛሬም ስድስት መርከብ ቆሟል» አላት። ስለ ወንበሩ ከመጠየቁ በቀር፣ ከነገረችው ወዲህ ለእሷ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ሐንፈሬ ከዘመዶቹ ጀልባ ተውሶ አንድ ዓርብ ወደ ባሕር ይዞት ወጣ። ሴቶቹ ዳር ላይ ቀሩ። ዘነበች ቁስሉን በላስቲክ ሸፍና፣ ጨው እንዳይነካው ብላ አጥብቃ አስራለት ነበር። ሐንፈሬ ብብቱን ይዞ ቀስ አድርጎ ውሃው ላይ አንሳፈፈው፤ ከዚያ ለቀቀው። ስለሺ በክንዱ እየቀዘፈ ራቅ አለ። እግሮቹ ከኋላው ተከትለውት ይሄዳሉ።

«እየዋኘ ነው! ማሻአላህ!» አለች ሐኪማ።

ከውሃው ላይ የስለሺ ሳቅ መጣ። ያ ከሩቅ የሚሰማው፣ የኳስ ሜዳው ሳቅ። ዘነበች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሰማችው። ሲያወጡት ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ፣ «ዘኑ፣ አንቺም መዋኘት ብትለምጂ ጥሩ ነው» አላት። በዚያ ምሽት እጇን ያዘ። ስለ ዝምታዋ አንስቶ አላወራም፣ እሷም አላነሳችም። ታርቀው እንደሆነ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለችም። እጇን ግን ይዟት ነበር።

ቁስሉ ግን አልሻረም። በእነዚያ እግሩን ሲጠብቅ በዋለባቸው ሳምንታት ወደ ውስጥ በልቶ አጥንት ደርሶ ነበር። ሙቀቱና ላቡ አባባሰው። አንዲት ነርስ በየቀኑ እየመጣች ታጸዳዋለች፤ ስታጸዳው ዘነበች ፊቷን ታዞራለች፤ ስለሺ ግን ከሐንፈሬ ጋር ስለ ኳስ ያወራል። ሐምሌ ገብቶ ያ የሚለበልበው አቧራማ ነፋስ ሲጀምር ትኩሳት ያዘው። ሆስፒታል ገባ። መርፌው፣ ግሉኮሱ፣ ሁሉም ተሞከረ። የቁስሉ መርዝ ደሙ ውስጥ ገብቷል አሉ ሐኪሞቹ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት አእምሮው መለስ ብሎለት ነበር።

«መርከቦቹ አለቁ?» አላት።

«አላለቁም። አሁንም እያወረዱ ነው።»

«ወሎ ዝናብ ዘንቧል አሉ?»

«ዘንቧል አሉ።»

«ጥሩ» አለ። ዓይኑን ጨፈነ። ከቀትር በፊት አረፈ።

ቀባሪው ብዙ ነበር። ክርስቲያኑም እስላሙም ተፈራርቆ ተሸከመው። ከቀብር ሲመለሱ ሐንፈሬ ከዘነበች ጎን ሆኖ ራሱን አቀርቅሮ ይራመድ ነበር። ሰዉ ቀደም ሲል ቆም አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወደብ ላይ አንድ ሰው ሲናገር ሰማሁ። ጀርባው የተሰበረ ሰው በትከሻ አይነሳም አለ።» ቀና ብሎ አያት። «እኔ ነኝ?»

ዘነበች አላመነታችም። ምን እንደምትመልስ ከብዙ ወራት በፊት ጀምሮ ታስብበት ነበር።

«አይደለህም» አለችው። «ሲወድቅ ነው የተቆረጠው። ሐኪሙ ራሳቸው ነግረውኛል። አንተ ባታወጣው ኖሮ እዚያው ይሞት ነበር።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አለች፣ የደሴዋ ክርስቲያን።

ሐንፈሬ መንገዱ ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ሐኪማ መጥታ እስክታነሳው ድረስ ዘነበች አጠገቡ ቆመች።

ስለሺን የወለዱት ወይዘሮ አበዛሽ ጉለሌ ይኖሩ ነበር። ሪህ አልጋ ላይ ስላዋላቸው ለቀብር መምጣት አልቻሉም። ዘነበች ሐዘንተኛው ሲበተን የባሏን ልብሶች ሻንጣ ከትታ በአውሮፕላን ሄደች። አዲስ አበባ ዝናቡን እያወረደው ነበር። ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ ተለቃቅሰው፣ ሲመሽ አንድ በአንድ ወጡ። አሮጊቷና ዘነበች ብቻቸውን ቀሩ። ወይዘሮ አበዛሽ የልጃቸውን ሸሚዝ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእጃቸው ያለሰልሱት ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ ልጄ» አሉ። «ቁስል ነው የገደለው አሉኝ። ሰፊ ቁስል። ብዙ ተሠቃየብኝ? አመመው?»

ዘነበች አየቻቸው።

«አላመመውም፣ እማማ» አለች። «አንድም ቀን አልተሰማውም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ተመስገን» አሉ አሮጊቷ። «ተመስገን፣ አምላኬ። እኔ እኮ ሲያቃስት እየታየኝ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት።»

ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ሸሚዙን አጣጥፈው ከራስጌያቸው አኖሩ። ዘነበች የክረምት ብርድ ከረሳች ብዙ ዓመቷ ነበር፤ ጥርሷ ሲንገጫገጭ አይተው ከአልጋቸው ላይ ጋቢያቸውን አንስተው ደረቡላት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሙት።